አገሬ በሌለችበት ሠንጠረዥ ሙያ ይገኛል ወይ?

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጸሐፊዋ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ዓመት አልፏታል። ለጊዜው ታይዋን ገበያ የእህቷን የጨርቅ ሱቅ ትጠብቃለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኳን ስትነካካ ቲምስ የሚባል ጥናት አገኘች። የ4ኛ ክፍል ልጆች የሳይንስ ውጤት በየአገሩና በየዘመኑ እየተነጻጸረ የሚወጣበት ጥናት ነው። ከዚያ ወዲህ ልቧ እዚያው ቀርቷል።

«እኔም እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ» ትላለች። «ግን ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ ኢትዮጵያ የለችም። አገሬ የማትለካ ከሆነ ልኬት ብማር ማን ይቀጥረኛል? ጅቡቲ ያለው አጎቴ ትራንዚት ቢሮው ገብቼ ሰነድ እንድሠራለት ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኪስ ገንዘብ ይልክልኝ የነበረው እሱ ስለሆነ እናቴ አጎትሽን አታስቀይሚው ትለኛለች። እንግሊዝኛዬ አይረባም። ጓደኞቼ ደግሞ ኮዲንግ ተማሪና ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በዶላር ሥሪ ይሉኛል። ኦሮምኛና ሶማሊኛም እችላለሁ፣ ከጠቀመ።»

እህቴ፣ ወደ አጎትሽ እመጣለሁ። የሠንጠረዡን ነገር ግን እንዲሁ ላልፈው አልችልም። እኔም የመጣሁት ከዚሁ ከምዘና መንደር ነው።

ልክ ነሽ፣ ኢትዮጵያ የለችም። ቲምስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ እኛ ገብተንበት አናውቅም። (ዱባይ እንደ ከተማ ለብቻዋ ትመዘንበታለች። ድሬም ራሷን የቻለች የአስተዳደር ከተማ ናት፤ ማን ያውቃል።) አንቺ ያየሽው ግን የሥራውን የመጨረሻ ገጽ ነው። ሰው ደመወዝ የሚበላው ከዚያ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው፤ እሱን ሠንጠረዡ አያሳይሽም።

እስቲ አስቢው። እያንዳንዱ አገር ወደ 150 ትምህርት ቤቶችና ወደ 4,000 ልጆች በናሙና ይመርጣል። ናሙናውን የሚያወጣ ባለሙያ አለ። ጥያቄ የሚጽፍ አለ። ጥያቄውን ወደ አገሩ ቋንቋ የሚመልስ፣ የተመለሰውን ደግሞ ቁጭ ብሎ ከዋናው ጋር የሚያስተያይ አለ። ክፍል ገብቶ የሚፈትን አለ። በጽሑፍ የተመለሰውን የሚያርም አለ። የ4ኛ ክፍል ልጅ ፈተና ላይ የሚቀመጠው ለ72 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሚደርሰውም ከ14 የጥያቄ ጥራዞች አንዱ ነው። ሁሉንም ጥያቄ የሚሠራ ልጅ የለም። ስለዚህ ማንም ልጅ ማርክ አያገኝም፣ አያልፍም፣ አይወድቅም። የሚመዘነው አገሩ ነው። ለእኛ «ስንተኛ ወጣህ?» እየተባልን ላደግነው ይሄ ለመዋጥ ያስቸግራል።

በዘመናት መካከል ማወዳደር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ቲምስ አንዳንድ ጥያቄዎችን ለሕዝብ ይለቃል፤ ሌሎቹን ደብቆ በሚቀጥለው ዙር መልሶ ያመጣቸዋል። በእነዚያ ድልድይ ነው የዘንድሮው ልጅና የዛሬ አራት ዓመቱ ልጅ በአንድ መስፈርት የሚቀመጡት። የመስፈርቱ መሐል 500 ነጥብ ነው፤ በ1995 ተወስኖ እስከ ዛሬ አልተነካም። አንቺ ሱቅ ጨርቅ የምትለኪበት ሜትር በየወሩ ቢያጥርና ቢረዝም የዛሬን ሽያጭ ከአምናው እንዴት ታስተያዪዋለሽ? ነገሩ እሱ ነው።

ቁጥሮቹን እንይ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ4ኛ ክፍል ሳይንስ ሲንጋፖር በ1995 ያገኘችው 523 ነበር። በ2023 607 ደርሳለች። ጃፓን በ1995 553፣ በ2023 555። ደረጃ ብቻ የሚያይ ሰው «ጃፓን ወረደች» ይላል። የጃፓን ልጆች ግን የትም አልወረዱም፤ ሲንጋፖር አልፋቸው ሄደች እንጂ። አሜሪካ ግን ከ542 ወደ 532 በእርግጥም ወርዳለች። ሞሮኮን ደግሞ ተመልከቺ፦ በ2015 352፣ በ2019 374። በደረጃ ከታች ናት፤ በአራት ዓመት 22 ነጥብ መጨመር ግን ቀላል ነገር አይደለም። የግርጌ ማስታወሻውንም አትዝለዪ። ደቡብ አፍሪካና ኖርዌይ ለዚህ ፈተና የሚያስቀምጡት የ5ኛ ክፍል ልጆቻቸውን ነው። በ1999 ደግሞ 4ኛ ክፍል ጭራሽ አልተፈተነም፤ ለዚህ ነው የ4ኛ ክፍል ውጤት ከ1995 ወደ 2003 የሚዘለው። ይህን ሳያይ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሞልቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ተማሪ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ትምህርት ተሻሻለ» ይላል፣ ሌላው «ፈተናው ቀለለ»። የማለፊያ በመቶኛ ብቻውን ለሁለቱም አይፈርድም። ያ ፈተና የተሠራው ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ለመለየት ነው። የዘንድሮን ልጅ ከአምናው ጋር ለማመዛዘን ሌላ ዓይነት ፈተና ይፈልጋል፣ ሌላ ዓይነት ባለሙያም ይፈልጋል። ሁላችንም ቁጥር እንጠራለን፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ደግሞም «አገሬ አትለካም» ያልሽው ትክክል አይደለም። አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የሚባል አለን። የመጀመሪያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከዚያ በኋላም በየተወሰነ ዓመት በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ተደግሟል። የ4ኛ ክፍል ልጆች ከሚመዘኑባቸው ትምህርቶች አንዱ አካባቢ ሳይንስ ነው። እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በዚያ በር ነው፤ ከማስተማር ተነስቼ፣ በአበል እየተቀጠርኩ፣ የፈተና ካርቶን ተሸክሜ ሐረርጌ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ።

እንዲህ እየዞርኩ ካየኋቸው ጥያቄዎች አንዱን ላሳይሽ። የማን መሥሪያ ቤት እንደነበር ይቅር። ለሙከራ የቀረበ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ ነው። «ወንዝ የሚያሳየው ሥዕል የትኛው ነው?» ይላል። አንዱ ሥዕል በለምለም ሣር መሐል የሚወርድ ውሃ ነው። ሌላው በሁለት ግንብ መሐል የተንጣለለ አሸዋ፣ ሰዎች ሲሄዱበት። አንዲት የድሬ ልጅ አሸዋውን ከበበች። ማረሚያው ኤክስ አደረጋት።

ያቺ ልጅ ደቻቱን እየተሻገረች ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ዕቃ ይነገድበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው ውሃ የሚሆነው፤ ያኔም ጎርፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። አሸዋው ወንዝ መሆኑን እሷ ታውቃለች፤ ጥያቄውን የጻፈው ሰው አላወቀም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይያዝ ቢያልፍና የድሬ ልጆች ሁሉ አሸዋውን ቢከቡ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው «የድሬዳዋ ተማሪዎች በሳይንስ ደካማ ናቸው» የሚል ሪፖርት ነው።

ይህን ማን ይይዘዋል? ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አንድ ከተማ ላይ ብቻ ተለይቶ እንደከበደ ከዳታው ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባውም። አስተማሪው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ዳታውን ግን አያየውም። ሁለቱንም በአንድ ራስ የያዘ ሰው ብርቅ ነው። ቋንቋው ሲጨመር ደግሞ አስቢው። ድሬ ላይ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይማራሉ። አንዱ ጥያቄ በሦስቱም ቋንቋ እኩል መክበድ አለበት፤ በአንዱ ቀሎ በሌላው ከከበደ ልጆቹን ማወዳደር ቀረ። አንቺ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ከጠቀመ» ብለሽ ጣል ያደረግሻቸው ቋንቋዎች፣ አቦ፣ ከድግሪሽ ይልቅ ብርቅ ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፤ መጀመሪያ ላይወደድልሽ ይችላል። አዲስ አበባ ሄደሽ ቢሮ ለቢሮ ሲቪ አትበትኚ። 4ኛ ክፍል ግቢ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህርነት ሥልጠና ይጠይቅሻል፤ የግሎቹን አንኳኪ። እነሱም እምቢ ካሉ ሠፈርሽ ውስጥ ልጆች ሰብስበሽ አስጠኚ። ዘጠኝና አስር ዓመት ያለው ልጅ ስለ ጥላ፣ ስለ ትነት፣ ስለ ዘር ምን ብሎ እንደሚያስብ በጆሮሽ ሳትሰሚ ጥያቄ መጻፍ አትችዪም። ለምሳሌ እርጥብ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት ሄደ ብለሽ ጠይቂያቸው። «ልብሱ ጠጣው» የሚልሽ አታጪም። ያ ጥሩ የተሳሳተ አማራጭ ነው፤ ጻፊው። ጥያቄዎችሽን ለልጆቹ ስጪ፣ ጎበዞቹ ስንቶቹ እንደመለሱት፣ ደካሞቹ ስንቶቹ እንደመለሱት ቁጠሪ። ደካሞቹ መልሰውት ጎበዞቹ የሳቱትን ጥያቄ ደግመሽ አንብቢው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም።

ማታ ማታ ደግሞ የቲምስን ዳታ አውርጂ። ለማንም በነጻ ክፍት ነው፤ የተለቀቁ ጥያቄዎችም አብረው አሉ። ዳታውን የምትሠሪበት አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራምም ነጻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምሽ፦ ለአንድ ልጅ በሳይንስ አምስት የተገመቱ ውጤቶች ታገኛለሽ፤ ልጁ የሠራው የጥያቄዎቹን ጥቂት ክፍል ስለሆነ ነው። አንዱን መርጠሽ ወይም የአምስቱን አማካይ ለእያንዳንዱ ልጅ ይዘሽ እንዳትሠሪ። አምስቱንም ለየብቻ ሠርተሽ መጨረሻ ላይ ነው የምታገናኚያቸው። የናሙናውንም ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ልጅ ስንት ልጆችን እንደሚወክል የሚነግርሽን ቁጥር፣ አትርሺ። ይህን በትክክል የሠራ ሰው ማስተርስ ሲያመለክት በምን እንደሚለይ ራስሽ ታዪዋለሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልኬትና ምዘና ያስተምራል፤ ያኔ ሂጂ።

የገንዘቡን ነገር አልሸፍንብሽም። የግል ትምህርት ቤት ደመወዝ የአጎትሽን አንድ ሦስተኛ ላይሞላ ይችላል። ቤት ኪራይ ብትከፍዪ ወሩ አያደርስሽም። እናትሽ ቤት ስለሆንሽ ነው የምመክርሽ። ጥናት ወይም ምዘና ሲመጣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ዳታ ሰብሳቢ ይፈለጋል፤ አበሉ አንዳንዴ ከወር ደመወዝ ይሻላል። ስምሽን ትምህርት ቢሮና ዩኒቨርሲቲ አስቀምጪ።

አጎትሽን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ልናገር። የኪስ ገንዘብ መላኩ ደግነት ነው፤ ይመስገን። ግን ለዚያ ሲባል የሥራ ዘመንሽን የምታስይዢለት ምክንያት አይታየኝም። ብድር ነበር የሚል ከሆነ ስንት እንደነበር ይንገርሽ፤ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ። እናትሽንም አክብረሽ ንገሪያቸው፤ ማስቀየም የሚባለው ዝም ብሎ መጥፋት ነው እንጂ ደውሎ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ማለት አይደለም። ትራንዚት ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም። ብዙ የድሬ ሰው ቤቱን የሠራበት ሥራ ነው። አንቺ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ስለ ሰነድ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ሠንጠረዡ ሁለት ገጽ ነው የጻፍሽው።

እንግሊዝኛሽ የሚሻሻለው የቲምስን ሪፖርት በመዝገበ ቃላት እያነበብሽ ነው፤ ኮርስ አትክፈዪበት። ኮዲንግም ቢሆን አር ራሱ ኮዲንግ ነው፤ ጓደኞችሽን እሱን ጀመርኩ በያቸው።

የግል ትምህርት ቤቶች ቅጥራቸውን ክረምት ላይ ነው የሚጨርሱት። ሐምሌ ሳይገባ አዳርሺያቸው፤ ማመልከቻሽ ላይም ሦስቱን ቋንቋ ከድግሪሽ በላይ ጻፊ።