ቤሉጋ ከበረዶ በታች እንዴት ትተነፍሳለች?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ቤሉጋ የምትባለው ነጭ ዓሣ ነባሪ የምትኖርበት ባሕር በበረዶ ሲሸፈን አየር ከየት ታገኛለች? ከውኃው ውስጥ መሳብ አትችልም ወይ?
ተማሪ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መልስ፦ አትችልም። ቤሉጋ እንደ እኛ በሳንባ የምትተነፍስ፣ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት። አየር የምትስበው በአናቷ ላይ ባለው ቀዳዳ ሲሆን፣ አንዴ ከሳበች ከ15 ደቂቃ በላይ ጠልቃ መቆየት ትችላለች። ከባዱ ሥራ በበረዶው መካከል ክፍት ቦታ ማግኘቱ ነው። ከዚሁ የአናቷ ቀዳዳ በታች ፈጣን የጠቅታ ድምፅ ታወጣለች፤ በግንባሯ ያለው ስብ ድምፁን ሰብስቦ ወደፊት ይልከዋል። ተመላሹን ድምፅ በታችኛው መንጋጋዋ ስብ በኩል ወደ ጆሮዋ ተቀብላ በረዶውን ከክፍቱ ውኃ ትለያለች። የጀርባ ክንፍ ስለሌላት ከበረዶው ሥር ተጠግታ ትዋኛለች፤ ስስ በረዶ ካጋጠማትም በጀርባዋ ገፍታ ትሰብረዋለች። የአንገቷ አጥንቶች ስላልተጣበቁ ራሷን ወደ ጎን ማዞር መቻሏም ይረዳታል፤ ይህ በዓሣ ነባሪዎች ዘንድ ብዙም አይገኝም።

አደጋው ብርዱ በድንገት ሲበረታ ነው። መተንፈሻዎቹ ይዘጋሉ፤ ቀጣዩ ክፍት ቦታ በአንድ ትንፋሽ ከሚደረስበት ከራቀ መንጋው በሙሉ በአንዲት ጉድጓድ ዙሪያ ይታገታል። ያኔ የዋልታ ድብ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይይዛቸዋል።