የድሮዋ የሌጎ መንኮራኩር ወይስ አዲሷ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ስዊድን ተምሮ ሲመለስ በ1972 ዓ.ም. የሌጎ፣ ማለትም እየገጣጠምክ የምትሰራው የፕላስቲክ መጫወቻ፣ የጠፈር መንኮራኩር አምጥቶልኝ ነበር፣ ሰማያዊና ግራጫ ሆና መስታወቷ ቢጫ የሆነች፣ ካርቶኗ ላይ 928 የሚል ቁጥር ያላት። እስካሁን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለች፣ ግራጫው ወይቧል፣ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። አሁን ጀርመን ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ተሻሽሎ የወጣውን ላምጣላቸው ወይ አለችኝ፣ የ9 ዓመቱ ልጄ ቪዲዮውን አይቶ እንቅልፍ አጥቷል፣ የ6 ዓመቷም ተከትላዋለች። እውነት ከድሮዋ ትሻላለች? ፒሶቹስ፣ ማለቴ የሚገጣጠሙት ቁርጥራጮች፣ እርስ በርስ ይገጥማሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር፣ ያቺን ቆርቆሮ ለማንም እንዳትሰጥ። መልሱን ቀድሜ ልንገርህ፣ እህትህ ታምጣው። መንኮራኩሯን ለብቻዋ ካየሃት አዲሷ በደንብ ትበልጣለች፣ ለጨዋታ ግን የድሮዋ ይዛው የመጣችው አንድ ትልቅ ነገር አዲሷ ላይ የለም።

ያንተዋ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣችው ናት፣ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሯ 497 ሆኖ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር ተብላ የተሸጠችው፣ 338 ፒስ አላት። አዲሷ በ2022 እ.ኤ.አ. ሌጎ 90 ዓመት ሲሞላው የወጣች ሲሆን ቁጥሯ 10497፣ ፒሷ 1,254፣ ዋጋዋ ያኔ 99.99 ዶላር ነበር። መልኳ ቁርጥ የድሮዋን ነው፣ መጠኗን ግን አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው ነው የሰሯት፣ ርዝመቷ 52 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የእንጀራ ምጣድ ላይ ብታጋድማት ከዳር እስከ ዳር ልትደርስ ትንሽ ነው የሚቀራት። የት እንደምታስቀምጣት ከአሁኑ አስብ።

እኔ ባለፈው ክረምት ለገጣፎ እህቴ ቤት ከልጇ ጋር ሁለት ማታ ቁጭ ብለን ሰራናት፣ አንዱን ማታ መብራት ሄዶብን በስልክ መብራት ነው የጨረስነው፣ እና ከሁሉም ደስ ያለኝ ሆዷ ስር ያሉት ሶስቱ እግሮች ናቸው፣ በጣትህ ገፋ ስታደርጋቸው እጥፍ ብለው ይገባሉ፣ ልጁ እሱን ብቻ ስንቴ እንዳደረገው አልቆጠርኩም። ያንተዋ ላይ ይሄ የለም። የኋላ በሯን ከፍቶ ውስጧ ያለችውን ትንሽ መኪና ማውጣት ግን ሁለቱም ላይ አለ። ጠፈርተኞቹም እንደድሮው አራት ናቸው፣ ሁለት ቀይ ሁለት ነጭ፣ አንድ ትንሽ ሮቦት ተጨምራለች። የድሮው ሄልሜት አገጩ ጋ ቀጭን ስለነበረ እዛው ላይ ነው የሚሰነጠቀው፣ ያንተን አውጥተህ እየው፣ አዲሱ ላይ ግን አወፍረውታል። ደግሞ ስቲከር የለም፣ ምልክቱ ሁሉ ፒሱ ላይ የታተመ ነው፣ በእኛ አቧራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎደለው መሬቱ ነው። አባትህ ያመጣልህ መንኮራኩር ብቻ አልነበረም፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የጨረቃ መሬት ንጣፍ ነበረው፣ ማረፊያ ሜዳ ነበረው፣ ትንሽ ቤትም ነበረችው። አንዱ ልጅ ሲያበር ሌላው ቤቷ ጋ ሆኖ ይጠብቃል፣ ኑ እዚህ እረፉ ይላል፣ ጨዋታው የሁለትና የሶስት ልጅ ነበር። አዲሷ ካርቶን ላይ 18+ ነው የሚለው፣ ለትልቅ ሰው መደርደሪያ ታስባ የተሰራች ነች፣ መሬት የላትም። ሁለት ልጅ አንድ መንኮራኩር ይዞ መሬት ከሌለ ምን እንደሚፈጠር አንተው ታውቀዋለህ፣ እኔ ይሄን ሲያስቀሩት በጣም ነው ያዘንኩት።

ግን ንጣፉ አንተ ቤት አለ አይደል? ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰራ የሌጎ ፒስ ዛሬ ከሚወጣው ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ የአባትህን ንጣፍና ቤት አውጣላቸው፣ አዲሷ እዛ ትረፍ። ትንሿ መሬቱን ትያዝ፣ ትልቁ ያብር፣ ከዛ ይቀያየሩ። ፒስ እየነቀልክ የድሮዋን በአዲሷ ልጠግን ግን እንዳትል፣ የሌጎ ግራጫ ከ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ወደ ሰማያዊ ያደላ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲሆን ያስታውቃል።

የድሮዋን እጠባት፣ ለብ ባለ ውሃ በሳሙና፣ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ የምታደርቃትም ጥላ ውስጥ እንጂ በረንዳ ላይ አይደለም፣ ግራጫውን የሚያወይበው ፀሐይ ነው። እህትህን ደግሞ ካርቶኑን እዛው ትተሽው ነይ በላት፣ ሻንጣ ይበላል፣ ፒሶቹ ቁጥር ባላቸው ፌስታሎች ተከፋፍለው ስለሚመጡ ልብስ መሀል ይገባሉ፣ ማኑዋሉን ብቻ እንዳትረሳው።