ጦስኜ ለምን በሰበሰ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ በድንጋይ መሃል ስለሚተከሉ የደጋና የተራራ ዕፅዋት ናቸው። አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ጥግ ላይ ድንጋይ ከምሬ በመሃሉ ጦስኝ፣ እንዳሁላና ትንንሽ እሬቶች ተከልኩ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው የተከልኩት፣ ዝናቡ ያጠጣልኛል ብዬ። ፍግም አልነፈግኳቸውም። ነሐሴ ሳይጋመስ ጦስኙ ጠቆረ፣ እሬቱም ሳብ ሳደርገው ከነግንዱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ብርዱ ነው የገደለብኝ? (ከለቡ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብርዱ አይደለም። ጦስኝ እኮ ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ እየመታው የሚኖር ተክል ነው፣ የለቡ ብርድ ምንም አያደርገውም። የገደለው ሥሩ ላይ ተኝቶ የቀረው ውሃ ነው።

እስቲ የሞተውን ነቅለሽ አንገቱን እዪው፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማለቴ ነው። ቅርፊቱ በጣት ሲነካ የሚላጥ ከሆነ፣ ውስጡ ቡናማ ሆኖ የቆየ ውሃ የሚሸት ከሆነ መልሱ እሱ ነው። እኔም በጀመርኩበት ዓመት እንዲህ እየሆነ ስድስት ጦስኝ ነቅያለሁ። ሰባተኛው ግን ተረፈ። እሱ የቆመው ከግንባታ የተረፈ ጠጠር የተደፋበት አጥር ሥር ነበር፣ ማንም ሳይንከባከበው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

እናንተ አካባቢ ብዙው አፈር ጥቁር ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ ክረምት ሲመጣ ግን አብጦ ይዘጋና ውሃ አላሳልፍ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ተራራ ላይ ያለው ጦስኝም ዝናቡን ይጠግባል፤ እሱ ግን የቆመው ተዳፋት ላይ፣ በድንጋይ ስንጥቅና በጠጠር መሃል ስለሆነ ውሃው በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። አንቺ ድንጋዩን ጥቁር አፈሩ ላይ ስትከምሪው ሥሩ ያለው ያው ጭቃ ውስጥ ነው።

አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ውሃ ሙዪው፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመለሺ። ውሃው እንደቆመ ካገኘሽው ወደ ታች መቆፈሩን ተዪና መደቡን ወደ ላይ አንሺው፣ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከታች ስባሪ ብሎኬትና ድንጋይ አድርጊ። ከላዩ ሁለት እጅ ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለሽ ሙዪበት። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ካገኘሽ በጠጠሩ ፋንታ እሱን ተጠቀሚ፤ ትንሽ እርጥበት ይዞ የተረፈውን ይለቃል፣ ቀላልም ስለሆነ ለበረንዳ ሣጥን ሳይቀር ይሆናል። ደቃቅ አሸዋ ከጥቁር አፈር ጋር ግን አትቀላቅዪ፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል።

ድንጋዩን ዝም ብለሽ አታስቀምጪው። ሲሶው ይቀበር፣ ፊቱ ትንሽ ወደ መደቡ ዘንበል ይበል፣ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ እንዳይሄድ። ከተከልሽ በኋላ በተክሉ አንገት ዙሪያ ሁለት ጣት የሚሆን ጠጠር አልብሺው። ይቺ ጠጠር ቀላል ነገር ትመስላለች፣ ግን አንገቱን ደረቅ የምታደርግለት እሷ ናት። ፍጉን ደግሞ እርሺው፤ ጦስኝ ሲጠግብ ግንዱ ይረዝምና ይወድቃል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ሽታ የሌለው ጦስኝ ለሻይም ለሽሮም ምን ያደርጋል?

አሁን የሚሻልሽ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ መትከል ነው። እስኪይዝ በሳምንት ሁለቴ አጠጪ። ብዙ ለመግዛትም አትቸኩዪ፦ ያላበበ የጣት ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፊ፣ ጥላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተሽ አንድ ወር ያህል ታገሺ።

ጥያቄ፦ ጦስኝ ከዘር አብቅዬ ደጅ ተከልኩት። ሰመሩን በደንብ ከረመ፣ ዊንተር ሲመጣ ሞተ። ጎረቤቴ ጠጠር ባለበሰው ግቢው ውስጥ የተከላቸው አበቦች ግን በረዶ ሥር ከርመው ያብባሉ። የኔ ምን ሆኖ ነው? (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ የኛ ጦስኝ የሚያውቀው ማታ መጥቶ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው የሚጠፋ ውርጭ ነው። እናንተ ጋ መሬቱ ራሱ ለሳምንታት ይቀዘቅዛል፣ ያን አልለመደም። ከታች ቀዳዳ ያለው ሸክላ ውስጥ ትከለው፣ ሰመሩን ደጅ ያሳልፍ፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር አስገባው፣ ውሃውንም ቀንስለት። ደጁን ለዴሎስፐርማ ልቀቅለት። ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ነው፣ ጠጠር ላይ ተዘርግቶ ደማቅ ሮዝ ያብባል፣ የኮሎራዶንም ዊንተር ይችላል። ግንቦት ላይ ወደ ዴንቨር ቦታኒክ ጋርደንስ ብቅ በል፤ የተራራ ዕፅዋት የተተከሉበት ሰፊ ድንጋያማ ቦታ አላቸው። ድንጋዩ እንዴት እንደተቀበረ ጎንበስ ብለህ እይ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከስዊዘርላንድ የጄንሻን ዘር አመጣችልኝ፣ ያ ሰማያዊ ጥሩምባ የመሰለውን የአልፕስ አበባ። ታኅሣሥ ላይ ዘራሁት፣ ሁለት ወር ሆነው፣ ምንም የለም። (ከኮተቤ)

መልስ፦ ዘሩ እየጠበቀ ነው። በአገሩ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ይወድቅና ወራት በረዶ ሥር ተኝቶ ነው የሚነቃው፤ ብርዱ ሳያልፍበት አይነሳም። የቀረዎት ዘር ካለ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በፕላስቲክ ከረጢት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል (ፍሪዘሩ) ውስጥ ግን አይሁን። ከዚያ አፈሩ ላይ ይበትኑት፣ ደቃቅ ስለሆነ አይቅበሩት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ቢበቅል እንኳ ላያብብልዎት ይችላል። የአልፕስ ተክል ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚኖረው፣ ግማሹን ይተኛል። እኛ ጋ ረጅም እንቅልፍ የለም፤ ከፍ ያለው ተራራችን ላይ በየቀኑ ፀሐይ፣ በየሌሊቱ ውርጭ ነው። የውጭ መጻሕፍት የሚያዙት ወቅት እኛ ጋ የማይሠራው ለዚህ ነው። ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ፕሪሙላ የሚባል ቢጫ የሚያብብ የራሳችን ተክል እኮ አለ፣ የአልፕሶቹ ፕሪሙላዎች ዘመድ! እኔ ብሆን ከጄንሻኑ ጋር ከመታገል አንድ ቅዳሜ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄጄ ከአገሬው ዕፅዋት የትኞቹ ለዚህ ከተማ እንደሚስማሙ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን አለሽ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጅባራን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ዘመዴ ከመንዝ ጓሳ አንድ ትንሽ ነቅሎ ሊያመጣልኝ ነው። ድንጋያማ ግቢዬ ውስጥ ይይዝልኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ይከልክሉት። ጅባራ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል፣ በመጨረሻ ያንን ረጅም የአበባ ዓምድ አንድ ጊዜ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ትንሹን የነቀለ ሰው የዚያን ተክል ዘር በሙሉ ነው የነቀለው። ጓሳ ደግሞ የመንዝ ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፣ ሣሩ እንኳ የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው። እዚያ ከ3,200 ሜትር በላይ የለመደ ተክል እርስዎ ጋ ቢመጣ መጎሳቆሉ አይቀርም።

ደብረ ብርሃን ግን ለድንጋይ አትክልት የተመቸች ከተማ ናት። ጦስኙ ያለምንም ችግር ይይዝልዎታል። አስታ ከኋላ ይትከሉ፣ እየከረከሙ ካልያዙት ዛፍ ይሆናል። በረጅም ዘንግ ላይ ብርቱካናማና ቢጫ የሚያብበውን አሸንዳ ግቢው ያለ ጎረቤት ካለዎት ሰኔ ላይ ከሥሩ ከፍሎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁት፤ ሲያብብ የአበባ ማር የሚቀስሙት ወፎች ከላዩ አይጠፉም። እንዳሁላን የኅዳር ውርጭ ስለሚያቃጥለው ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ቀን ፀሐይ የሚጠጣ የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ያድርጉት።

ለዘመድዎ ግን ሳይነቅለው ዛሬውኑ ይደውሉለት።