አንዳይ ላይ አማርኛ የተጻፈባቸው ወንበሮች

ፈረንሳይ ስንት ዓመት ኖራችሁ? አሥር? ሃያ? ከዚያ ውስጥ ገጠሩን ያያችሁት ስንት ቀን ነው?

አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት የማውቀው ሜትሮ፣ ሥራ ቦታ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጠውን ፕሬፌክቱር እና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ገጠሩ በባቡር መስኮት የሚያልፍ አረንጓዴ ነገር ነበር። «ገጠርማ አገር ቤት ጠግበን መጥተናል» እያልን እንቀልዳለን። ለመዝናናት ብሎ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ለኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል። እናቴ በስልክ ስነግራት «ምነው፣ መኪና ጠፋ?» ነው ያለችኝ።

ከዚያ አንድ ወዳጄ አንዳይ ወሰደኝ።

አንዳይ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በባስኮች አገር፣ ስፔን ድንበር ላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከፓሪስ በፈጣን ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ አባዲያ የሚባል ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት አለ። ያሠራው አንቷን ዳባዲ ነው። አባቱ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት፣ የተወለደው ደብሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1810። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ወርዶ አሥር ዓመት ገደማ አገራችን ውስጥ ከረመ። ተራራና ወንዙን ለካ፣ ካርታ ሠራ፣ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ብራናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። አርኖ ደግሞ ጎጃም ውስጥ የደጃዝማች ጎሹ ወዳጅ ሆኖ ነበር። አንቷን በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1864 ጀምሮ ይህን ቤት ያስገነባው። ንድፉ የፓሪስን ኖትር ዳም ያደሰው የቪዮሌ ለ ዱክ ነው።

በሩ ላይ የድንጋይ አዞዎች ይጠብቋችኋል። ስትገቡ ግድግዳው የኛ ነው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች፣ አደን፣ ፈረስ፣ በቀለም ተስለዋል። እዚህም እዚያም የኛ ፊደል አለ። የምግብ ክፍሉ ወንበሮች ደግሞ ጀርባቸው ላይ የአማርኛ ፊደላት አሉባቸው። ወንበሮቹ በተራ ሲደረደሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ሐሳቡ «በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ አይገኝ» ዓይነት ነው። የመሳፍንቱን ዘመን አይቶ የመጣ ሰው እንዲህ ቢመኝ አይገርመኝም። ግብዣችሁ ላይ ቢጻፍ የማይጠላ ምኞት ነው።

ሁለተኛ ስሄድ ልጄን ይዣት ነበር። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ሞት የሚመስላት ልጅ ናት። እዚያ ስትደርስ ግን «አባዬ፣ ይሄን አውቀዋለሁ!» ብላ ጮኸች። አስጎብኚዋም ዘወር አለች። ያን ቀን ፊደል ገበታው ያላደረገውን አንድ የወንበር ጀርባ አደረገው።

ሁሉም ነገር ደስ ያሰኛል አልልም። ደረጃው ሥር መብራት ይዞ የቆመ የኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት አለ። አየሁት፣ ዝም አልኩ። ብራናዎቹስ እንዴት እንደወጡ? እነዚህን ጥያቄዎች አስጎብኚውን ጠይቁ። በትሕትና ጠይቁ እንጂ ጠይቁ። ከሌላው ጎብኚ ይልቅ የኛ ጥያቄ እዚያ ቤት ይገባዋል።

ከቤቱ ውጭ መግቢያ የማይከፈልበት የገደል ዳር መንገድ አለ። ሣሩ እስከ ገደሉ አፍ ይሄዳል፤ ታች ባሕሩ ውስጥ መንትዮቹ የሚባሉ ሁለት ቋጥኞች ቆመዋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ጋሪ የማያስፈልገው ልጅም ይችለዋል። ትንሽ የደፈረ ደግሞ እዚያው አንዳይ የሚጀምረውን ዤኤር 10 የሚባለውን የእግር መንገድ ይሞክር። ይህ መንገድ የፒሬኔን ተራሮች ይዞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያበቃል። አትደንግጡ፣ ጨርሱት አላልኩም። እስከ ቢሪያቱ መንደር ወጥታችሁ ቡና ጠጥታችሁ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀት። አንዳይ ድንበር ነው። ባቡር ጣቢያውና ወደ ስፔን የሚያሻግረው ድልድይ አካባቢ ፖሊስ ይፈትሻል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና ፓስፖርታችሁን ዋናውን ያዙ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ የያዛችሁት ወረቀት ስፔን አያስገባም። «ማዶ ነው፣ ለአንድ ሰዓት» ብላችሁ ድልድዩን እንዳትሻገሩ። ወንዙ ጠባብ ነው፣ ጣጣው ግን ሰፊ ነው።

መንገዱን እንዴት ታገኛላችሁ? ፈረንሳዮች በዚህ ነገር ልክ ናቸው። ምልክት የተደረገበት የእግር መንገዳቸው ከ180 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ግንብ ላይ ትናንሽ የቀለም መስመሮች ታያላችሁ። ነጭና ቀይ ከሆነ ረጅሙ፣ አገር አቋራጩ ዤኤር ነው። ቢጫ ብቻ ከሆነ በአንድ ቀን የምትጨርሱት አጭር መንገድ ነው። በኤክስ ቅርጽ ከተሣለ በዚህ አትሂዱ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ኤክሱን «ትክክል» መስሎኝ ተከትዬው ሄጄ አንድ ገበሬ የከብት በረት ውስጥ ገብቻለሁ። ሰውዬው ሳቀ። ላሞቹ አልሳቁም። በነገራችን ላይ የከብት አጥር በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ይህን ለገጠር ልጅ መንገር ነውር ነው፤ ለከተሜው ነው የምናገረው።

ሌላው ሰላምታ ነው። ፓሪስ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መኖር ይቻላል። ገጠር ውስጥ ግን «ቦንዡር» ሳትሉ ማንንም አትለፉ። ዳቦ ቤት ስትገቡ፣ መንገድ ላይ ሽማግሌ ስታገኙ፣ ሁልጊዜ ቀድማችሁ በሉ። አንዳንዴ አፍጥጠው ያዩናል፤ ልክ ነው፣ ያዩናል። ክፉ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። ግን ከኔ ልምድ አብዛኛው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» ብሎ ነው። እኛ መንደርስ ፈረንጅ ሲመጣ እንዴት ነበር የምናየው? ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው ግማሹን ነገር ጨርሷል።

እሑድና ሰኞ ተጠንቀቁ። እሑድ ከሰዓት መንደሩ ጭር ይላል፤ ሰኞ ብዙ ዳቦ ቤት ዝግ ነው። ምሳ ቤቶች ከስምንት ሰዓት በኋላ «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል» ይሏችኋል። አውቶቡስም እሑድ ወይ የለም ወይ አንድ ነው። እኔ አንዷ አምልጣኝ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በጨለማ ተጉዣለሁ። የመመለሻውን ሰዓት ሳታውቁ አትነሱ። ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ቦታ ፈልጉ፤ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም። «የማይጠጣ» የሚል ካልተጻፈበት የእግር መንገደኛ ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው።

በነሱ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ደግሞ ዋናው የአደን ወቅት ነው። እሑድ ጫካ የምትገቡ ከሆነ ብርቱካንማ ሰደርያ ልበሱ፤ ጥቂት ዩሮ ነው። «አደን ላይ ነን» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ተመለሱ። ጀግንነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው እንድታዩት የምፈልገው ቦታ ኦብቴር ነው። ሻራንት በሚባለው ክፍለ አገር፣ ድሮን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር። ከፓሪስ አንጉሌም፣ ከዚያ በአካባቢው ባቡር ሻሌ ትወርዳላችሁ። ከሻሌ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ታክሲውን ከዋዜማው ደውላችሁ ያዙ። እዚያ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል፣ ከአንድ ገደል ውስጥ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሥራው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በትንሽ በር ትገባላችሁ፣ ከዚያ ጣሪያው ሽቅብ ይሄዳል፤ ሃያ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ውስጡ ከዐለቱ የተጠረበ ትልቅ ነገር ቆሟል። ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታን መቃብር አስመስለው ነው የሠሩት።

ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሲቆም ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። በተቀራራቢ ዘመን፣ ሳይተዋወቁ፣ ሁለት ሕዝቦች ኢየሩሳሌምን ከዐለት ለመቅረጽ ተነሱ። ልዩነቱም ይታወቃል። ከኛዎቹ ታዋቂዎቹ ከላይ ወደ ታች ተቆፍረው ብቻቸውን የቆሙ ናቸው፤ ይህ ግን ገደሉ ውስጥ የገባ ዋሻ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ኦብቴር ውስጥ የሚጸልይ የለም። ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ የባሩድ ግብዓት ማውጫ፣ ኋላም መቃብር አድርገውት ነበር። ዛሬ ትኬት ቆርጣችሁ የምትገቡበት ዝምታ ነው። እኔ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ብዬ ነው ራሴን ያገኘሁት። ጠባቂዋ ግራ ገባት።

ጊዜ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ መስከረምን ምረጡ። በዚህ አገር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የቅርስ ቀናት ይከበራሉ። ዛሬ የሚውሉት በመስከረም ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ፣ በነሱ አቆጣጠር ነው። ሁልጊዜ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ይወድቃል። በሌላ ጊዜ ዝግ የሆኑ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ብዙውም ነፃ ነው። ከአዲስ ዓመት ድግስ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ምግብ ካነሳሁ፣ በፍልሰታ የምትጓዙ ተጠንቀቁ። ዢት የሚባሉት የመንገደኛ ማረፊያዎች እራት ያበላሉ፤ ግን ያለ ሥጋና ያለ አይብ ማብላት ለነሱ ፈተና ነው። ስትደውሉ «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም» ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩላቸው። «ጾመኛ ነኝ» ቢሏቸው ዓሣ ያመጣሉ። ለ ፑይ የሚባለው አካባቢ አረንጓዴ ምስር ስሙ የገነነ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚሠሩት። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም ይህን ልብ በሉ። ከምስር በቀር ሌላ ነገር የለበትም ብላችሁ እንዳትጎርሱ።

ብዙዎቹ ዢቶች መንገደኛው ራሱ የሚያበስልበት ምድጃ አላቸው። እኔ አሁን ሹሮዬን በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ነው የምሄደው። ሽንኩርቱን ስታቁላሉ መስኮቱን ክፈቱ። ካልከፈታችሁ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ሰው ሁሉ ማንኪያ ይዞ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰው የያዛችሁት ሹሮ ደግሞ ለስድስት አይበቃም።