የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማይሌን የት ላጠራቅመው?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አየር መንገድ ማይል፣ ማለትም በመብረር ስለሚጠራቀመው ነጥብ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ እሱ ግልጽ ከሆነ ያጥራሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዓመት አንዴ፣ ሲመቸኝ ሁለቴ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ሁሌም በኢትዮጵያ አየር መንገድ። ለሥራ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዩናይትድ እመላለሳለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም የሸባማይልስ አባል ነኝ፣ የዩናይትድም አለኝ፣ አንድ ጊዜ በኢስታንቡል በኩል ስሄድ የተርኪሽንም አውጥቻለሁ። ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ ማይል አለኝ፣ አንዱም ግን ለቲኬት አይበቃም። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። የምትሳፈሪበት አየር መንገድና ማይል የምታጠራቅሚበት ፕሮግራም የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስ የሚባለውን ኅብረት ተቀላቅሏል። ዩናይትድ፣ ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛ፣ ኤር ካናዳ፣ ግብፅ አየር መንገድ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ በርረሽ ማይሉን ዩናይትድ ላይ ማስመዝገብ ትችያለሽ፣ በዩናይትድ በርረሽም ሸባማይልስ ላይ። አንድ በረራ ግን የሚመዘገበው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውሩልኝ ብትዪ አይሆንም። ያንቺም ችግር ይኸው ነው። ማይል አላነሰሽም፣ ሦስት ቦታ ተበትኖ ነው።

ቀጥሎ ራስሽን የምትጠይቂው ከማይሉ ምን እንደምትፈልጊ ነው። ነፃ ቲኬት ነው ወይስ ደረጃ? ሰው ሁለቱን ይደባልቃቸዋል። ለቲኬት የሚወጣው ማይል እንደ ገንዘብ ነው፣ ታጠራቅሚያለሽ፣ ታወጫለሽ። ደረጃ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደበረርሽ የሚለካ ነው፣ ሲልቨር፣ ጎልድ እያለ ይሄዳል፣ ጊዜው ሲያልፍ እንደገና መሥራት አለብሽ። ትልቁ መስመር ጎልድ ነው። የአንዱ አባል አየር መንገድ ጎልድ ከሆንሽ በሁሉም ጋ የስታር አሊያንስ ጎልድ ነሽ። ላውንጅ፣ ማለትም ኤርፖርት ውስጥ ያለው የተለየ ማረፊያ ክፍል፣ ትገቢያለሽ፣ አንድ ሰው ይዘሽ። ለቼክ ኢን የተለየ ሰልፍ አለሽ። ሻንጣሽ ቀድሞ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻንጣ ይጨመርልሻል፣ በቁጥር በሚሰላበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ በኪሎ በሚሰላበት 20 ኪሎ። ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የዘመድ አደራ ብቻውን አንድ ሻንጣ ይሞላል።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አዲስ አበባ፣ የቀረው የሥራ ጉዞ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዩናይትድን እይዛለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። የዩናይትድ ማይል ከ2019 ወዲህ አይቃጠልም። አንድ ዓመት ባትሄጂ፣ ብትወልጂ፣ ሥራ ብትቀይሪ እዚያው ይጠብቅሻል። የሸባማይልስ ማይል ግን ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው፣ በዓመት አንዴ ለሚበር ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት ቶሎ ያልቃል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከ14,000 ማይል በላይ ነው፣ ያንን ከሥራ ጉዞሽ ጋር አንድ ቦታ ስትደምሪው ነገሩ ይታይሻል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ዩናይትድ እስከ አምስት ሰው ማይሉን በአንድ ቋት እንዲያጠራቅም ፈቅዷል፣ ባልሽ ወይም እህትሽ የሚበሩ ከሆነ አብራችሁ መሙላት ትችላላችሁ። የቼስ ባንክ የክሬዲት ካርድ ነጥብም አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድ ይዛወራል፣ ካርዱ ካለሽ። በዚያ ማይል ደግሞ የኢትዮጵያን ቲኬት ትቆርጫለሽ፣ ዩናይትድም የነዳጅ የሚባለውን ጭማሪ አያስከፍልሽም፣ የምትከፍይው የመንግሥትና የኤርፖርት ክፍያ ነው።

ጎልድ ከፈለግሽ ግን መልሴ ይለወጣል። ዩናይትድ ደረጃ የሚሰጠው በዋናነት ባወጣሽው ገንዘብ ልክ ነው፣ በዚያ ላይ በዓመት ቢያንስ አራት በረራ በራሱ አውሮፕላን መብረር አለብሽ። ሸባማይልስ ግን በርቀትና በቲኬቱ ክፍል ወይም በበረራ ብዛት ነው የሚያየው። ረጅም መንገድ በርካሽ ቲኬት ለሚመላለስ የእኛ ሰው ይህ ይሻላል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ሲሰሙት ይገርማል። የዩናይትድ ጎልድ ብትሆኚ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ስትበሪ የዩናይትድ ላውንጅ አያስገባሽም፣ ዓለም አቀፍ ጉዞ ካልያዝሽ በቀር። በሸባማይልስ ጎልድ ከሆንሽ ግን ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ቺካጎ ስትሄጂም ትገቢያለሽ። የሥራ ጉዞሽ በየሳምንቱ ከሆነ ይህን አስቢበት። አልፎ አልፎ ከሆነ ግን ለላውንጅ ብለሽ ማይልሽን የሚቃጠል ቦታ አታስቀምጪ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኢሜይል የተላከልሽን ቲኬት ክፈችው። ከበረራው ቁጥር አጠገብ፣ ከዋሽንግተን ከሆነ ኢቲ 501 ከሚለው ጎን፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። ክላስ የሚሏት እሷ ናት። ዋይ ከሆነች ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ኢኮኖሚ ነው፣ ማይሉም ሙሉ ነው። ሌሎቹ የኢኮኖሚ ፊደሎች በአብዛኛው የቅናሽ ናቸው፣ እንደ ፊደሏ ግማሽ ወይም ሩብ ማይል ይሰጣሉ፣ ጭራሽ የማይሰጡም አሉ። ይባስ ብሎ ያቺው ፊደል ሸባማይልስ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዩናይትድ ላይ ሌላ ዓይነት ትቆጠራለች። ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ ሰንጠረዥ አላቸው፣ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደሽ እይው። ከኤጀንት የምትገዢ ከሆነ ደግሞ "ክላሱ ምንድን ነው? ማይል ይይዛል?" ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። በጅምላ ዋጋ የሚሸጡ ቲኬቶች አሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ ማይል ግን ላይኖራቸው ይችላል። ሃምሳ ዶላር ቅናሽ አግኝተሽ የ14,000 ማይል መንገድ በባዶ እንዳትሄጂ።

የበተንሻቸውስ? ሸባማይልስ ላይ ያለው ትንሽ ማይል ሳይቃጠል አገር ቤት ስትሄጂ የውስጥ በረራ ቁረጪበት፣ ባሕር ዳር ወይም ላሊበላ ሊበቃ ይችላል። የተርኪሹን ተዪው፣ እሱን ለመሙላት ብለሽ መንገድ አትቀይሪ። በማይል ቲኬት ስትቆርጪ ደግሞ ቀድመሽ ተነሺ። ለገናና ለጥምቀት፣ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ክረምትም፣ ለማይል የሚለቀቀው መቀመጫ ጥቂት ነው። የዩናይትድ የማይል ዋጋም እንደ ቀኑ ይወጣል ይወርዳል። በኢትዮጵያ ቲኬቴን ወደ ክላውድ ናይን፣ ማለትም ወደ ቢዝነስ ክላሱ፣ ማሳደግ ነው የምፈልገው ካልሽ ግን እሱ በሸባማይልስ ይቀላል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ነጋዴ ነኝ። በዓመት ብዙ ጊዜ ጓንዡ እመላለሳለሁ፣ ዱባይም እሄዳለሁ። አብዛኛውን በኢትዮጵያ፣ ዋጋው ሲቀንስ በኤምሬትስ። ማይል ለእኔ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማጥፋት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተን የመሰለ ሰው ካልተጠቀመበት ማን ይጠቀምበታል? አንተ ነፃ ቲኬቱን እርሳው፣ ጎልዱን ነው መያዝ ያለብህ። ናሙና ይዞ ለሚመለስ ሰው በየጉዞው አንድ ሻንጣ መጨመር በዓመት አንዴ ከሚገኝ ነፃ ቲኬት ይበልጣል። ስለዚህ ሸባማይልስ፣ ሌላ የለም። ደረጃው በጊዜ ገደብ ስለሚቆጠር በረራህን አትበትነው።

ኤምሬትስ የማንም ኅብረት አባል አይደለም። በእሱ የበረርከው ለሸባማይልስህ ምንም አይጨምርም። የራሱ ስካይዋርድስ ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ከፍላይዱባይ ጋርም አንድ ነው። ማይሉ ግን ሦስት ዓመት ሲሞላው የተወለድክበት ወር መጨረሻ ላይ ይጠፋል። እንዲህ አድርግ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በኢትዮጵያ ሂድ፣ ትልቅ ከሆነ ግን ርካሹን ግዛ፣ ብር ጨምሮ ማይል መግዛት አያዋጣም። የኤምሬትሱን በነፃ ተመዝገብና ቁጥርህን አስገባ፣ ከሱ ግን ብዙ አትጠብቅ።

ቻይና ውስጥ ከጓንዡ ወደ ሌላ ከተማ የምትበር ከሆነ ደግሞ አየር መንገዱን አይተህ ምረጥ። ኤር ቻይናና ሸንዘን ኤርላይንስ ስታር አሊያንስ ውስጥ ናቸው፣ የሸባማይልስ ቁጥርህን ስጣቸው። ጓንዡ ላይ በብዛት የምታየው ቻይና ሳውዘርን ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው ያለሁት። ለሥራ የምበረው በዴልታ ስለሆነ ብዙ ማይል አለኝ። እናቴ በየዓመቱ ከአዲስ አበባ እየመጡ የልጅ ልጆቻቸውን ያያሉ፣ ቲኬቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። በዴልታ ማይሌ በኢትዮጵያ ላመጣቸው እችላለሁ? እስከ ዛሬ የመጡበት ማይልስ የእኔ ይሆናል?

መልስ፦ በዴልታ ማይል የኢትዮጵያን ቲኬት መቁረጥ አይቻልም። ዴልታ ያለው ስካይቲም የሚባል ሌላ ኅብረት ውስጥ ነው። አትላንታ የዴልታ ዋና ከተማ ስለሆነች ብዙ የእኛ ሰው እንዳንተ ማይሉ እዚያ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ድረስ ይበራል፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። በዴልታ ማይል ልታመጣቸው ከፈለግክ መንገዱ በስካይቲም አባሎች ነው፣ ለምሳሌ በናይሮቢ በኩል በኬንያ ኤርዌይስ። አውሮፕላን መቀያየር ግን አለው። ለእናትህ እኔ ይህን አልመርጥም። ቋንቋውን በሚያውቁት፣ ሆስቴሷን "ልጄ" ብለው ውሃ በሚጠይቁበት አውሮፕላን ይምጡ። የዴልታውን ማይል ለራስህና ለልጆችህ የአገር ውስጥ ጉዞ ተጠቀምበት። እሱም አይቃጠልም።

ማይሉ የሚያዘው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለከፈለው አይደለም። ስለዚህ ለእናትህ በራሳቸው ስም ሸባማይልስ ክፈትላቸው፣ ነፃ ነው። ስሙ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቅ። ፓስፖርታቸው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ገልብጥ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አንድ ዓይነት አይወጣም፣ ፀሐይ የሚለው ብቻ ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። ቲኬቱ በአባት ስም፣ ሸባማይልሱ በአያት ስም ከሆነ ማይሉ ሳይገባ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ያመላልሳል።

ያለፈውን በተመለከተ፣ አየር መንገዶች የቆየ በረራ የሚመዘግቡት ለተወሰነ ወራት ብቻ ነው፣ ዘንድሮ የመጡበት ካለ ዛሬውኑ ጠይቅላቸው። ለዚህ ቦርዲንግ ፓሱና የቲኬቱ ቁጥር ያስፈልጋል። እናቶች ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ያስቀምጡታል፣ አንዳንዴም ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል ይገኛል፣ እስቲ ፈልጉት። ካገኛችሁት በስልክ ፎቶ አንሳው። የሚቀጥለውን ቲኬት ስትቆርጥ ደግሞ ቁጥራቸው መግባቱን ራስህ አረጋግጥ፣ ኤጀንቱ ያስገባዋል ብለህ አትተወው፣ ቦሌ ቼክ ኢን ሲያደርጉም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ መታተሙን አብሯቸው የሚሄደው ሰው እንዲያይላቸው ንገረው።