ስለ ከተማ ምክር ቤት ጠይቁኝ፤ ለደሴ ከአስፋልት በፊት ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ)

ሰላም ወሎዬዎች። በከተማ መሠረተ ልማት ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። ምክር ቤት ምን ይሠራል፣ ቀጥሎስ ምን ይቅደም የሚለውን ጠይቁኝ። የማንም ጠበቃ አይደለሁም። ስም እየጠራ ለሚሳደብ መልስ የለኝም፤ ሌላው ግን አብሽሩ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጋሼ፣ ምክር ቤቱና ከንቲባው ምንና ምን ናቸው? እኛ ሁሉንም «ማዘጋጃ» ነው የምንለው።

መልስ፦ ምክር ቤቱ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይሾማል፣ ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል። የሚያስፈጽሙት ከንቲባውና ጽሕፈት ቤቶቹ ናቸው። መንገድህ ከተበላሸ መሐንዲሱን ትይዛለህ፤ መጀመሪያውኑ ዕቅድ ውስጥ ያልገባ እንደሆነ ግን የመረጥከውን ሰው ነው የምትይዘው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። ሲሠራበት ግን እምብዛም አይታይም።

ጥያቄ፦ እስኪ በሞቴ፣ ከተሠራው ውስጥ «ይበል» የሚያሰኝ አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ፣ ኮብሉ፣ የድንጋይ ንጣፍ መንገዱ። ድንጋዩ የአገራችን፣ ጠራቢውም አንጣፊውም የሰፈር ልጅ። ቧንቧ ፈንድቶ ቢቆፈር ድንጋዩን አንስቶ መልሶ መደርደር ይቻላል፤ አስፋልት ግን አንዴ ከተቆረጠ ጠባሳው አይድንም። ነዋሪውም በየቅሬው (በየዕድሩ) እየተሰበሰበ ያዋጣበት ሥራ ስለሆነ እንደራሱ ያየዋል። ጠላቱ ውሃ ነው። ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ ጎርፍ ጠርጎ ከወሰደው፣ መጀመሪያ ጠርዙ ይላላል፣ ከዚያ መሐሉ ይሰምጣል፣ በሁለተኛው ክረምት ባጃጅ እየዘለለ ነው የሚያልፍበት።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ አስፋልት፣ የመንገድ መብራት፣ መናፈሻ። አንዱን ምረጥ ቢሉህስ?

መልስ፦ ዲች! ከሦስቱ አልመርጥም፣ ይቅርታ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተወሽቃ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ ከላይ የወረደው ሁሉ ቦርከና እስኪገባ ድረስ በሰው ደጅ ነው የሚያልፈው። ከዝናብ በኋላ አንድ ቱቦ አፍ ላይ ቆማችሁ እዩ፦ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ከላዩ ደለል። ሁለት እርምጃ አለፍ ስትሉ ደግሞ አንዱ ዲቹን በሲሚንቶ ደፍኖ የሱቁን ደረጃ ሠርቶበታል። መውጫ ያጣ ውሃ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ተዳፋት ላይ ሲሆን ደግሞ ይንሸራተታል። አጥር ዘመመ፣ ግድግዳ ተሰነጠቀ ሲባል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ይጀምር። ተራራው ላይ እርከንና ዛፍ፣ ሸለቆዎቹ ላይ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን)፣ ከዚያ እስከ ወንዙ ያልተቆረጠ የዲች መስመር። ግማሽ መንገድ ላይ የሚያልቅ ዲች ጎርፉን ለታችኛው ጎረቤት ማስረከብ ነው። ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለምና ሹማምንት አይወዱትም፤ እኔ ግን አንድን ምክር ቤት የምመዝነው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ቁፋሮ ሁሉ ሰኔ ላይ የሚጀመረው? ያናድዳል።

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በጀት ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ዲዛይኑ ያን ጊዜ ገና ነው። ጨረታው ይንጓተታል፣ ተቋራጩ እስኪገባ በጋው ያልቃል። ሰኔ ሲመጣ «ገንዘቡ ሳይሠራበት ሊመለስ ነው» ተብሎ ጭቃ ውስጥ ይቆፈራል። መድኃኒቱ ዲዛይኑን በክረምት ጨርሶ ጨረታውን መስከረም ላይ ማውጣት ነው። ተወካያችሁን «ስንት ኪሎ ሜትር ትሠራላችሁ?» ከማለት «ጨረታው መቼ ይወጣል?» ብላችሁ ያዙት።

ጥያቄ፦ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ ምክር ቤቱ የት ነው?

መልስ፦ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጉዳይ ነው፣ የፌዴራል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋና መንገድም እንደዚያው።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ ግብሩን እንከፍላለን፣ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ እናቴ፣ ከረጢቱ ሁለት ነው። ለትምህርትና ለጤና በአመዛኙ ከክልል የሚመጣ ድጎማ አለ። መንገድ፣ ጽዳት፣ ቄራ የመሳሰሉት ደግሞ ከተማዋ ራሷ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ በምትሰበስበው ነው የሚሠሩት። ሁለተኛው ከረጢት ሁሌም ቀጭን ነው። በዚያ ላይ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል። የተዘረፈውን መልሶ መተካት አዲስ ነገር ሆኖ አይታይም እንጂ ገንዘብ በልቷል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እናንተ ደሴ ደሴ ትላላችሁ፣ እኛስ?

መልስ፦ እውነትህን ነው። ቦርከና እኛ ጋ የተጣለበትን ይዞ እናንተ ጋ ነው የሚወርደው። በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሠራተኛ ያመጣል፤ ሠራተኛው ቤት፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ይፈልጋል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ቢያንስ በወንዙና በቆሻሻው ጉዳይ ዕቅዳቸውን አብረው ማውጣት አለባቸው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ነዋሪ ነኝ ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቅሬያችሁ ጋር ሆናችሁ የትኛው ዲች የት ጋ እንደተዘጋ ጻፉ፣ ፎቶ አያይዙ። ቀበሌ መዝገብ ቤት አስገቡና የደብዳቤውን ቁጥር ያዙ፤ አንዱን ቅጂ ለተወካያችሁ ስጡ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ስለሚጸድቅ ጥያቄያችሁ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይድረስ። ሰኔ ላይ ከሄዳችሁ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው የምትባሉት።