ለውትድርና የጤና ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ (ጠያቂዎቹ የተጠሩት በአካባቢያቸው ስም ነው)

የአጂፕ ልጅ፦ ዶክተር፣ ልመዘገብ ነው። ጤነኛ ነኝ፤ ምርመራው ይህን ያህል ጥብቅ የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቤትህ ተቀምጠህ ምንም ካላመመህ ጤነኛ ነኝ ትላለህ። እዚያ የሚጠየቀው ግን ከ20 ኪሎ በላይ ተሸክሞ በፀሐይ ለሰዓታት መጓዝ፣ ሐኪም ቤት በሌለበት ማደር ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ ቃሬዛውን አራት ጓደኞቹ ይሸከማሉ፤ አምስት ሰው ከግዳጅ ወጣ ማለት ነው። ያለባችሁን በሽታ አትደብቁ።

ሄርማታ፦ ግፊቴ 150 በ95 ነው ተባልኩ። በቃ አለቀልኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ እንዴት እንደተለካህ እንይ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ ግፊቱ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ጫት አትንካ። ልትለካ 30 ደቂቃ ሲቀርህ ቡናም ሲጋራም ይቅር። ሽንትህን ሽና፤ ጀርባህን አስደግፈህ 5 ደቂቃ ሳታወራ ተቀመጥ። እግርህን አታነባብር። ክንድህ በልብህ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የመለኪያው ጨርቅም በሸሚዝህ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድህ ላይ ይታሰር። ክንድህ ወፍራም ሆኖ ጨርቁ ከጠበበ ቁጥሩ ያላግባብ ይጨምራል። በተለያየ ቀን ተለካ። እንዲህም ሆኖ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለብህ። በወጣት ላይ ሲሆን ደግሞ ከጀርባው የኩላሊት ችግር ሊኖር ስለሚችል ሽንትህንና ደምህን አስመርምር።

ቆጪ፦ ዋዜማውን የግፊት ኪኒን ውጦ መግባት ነው።

መልስ፦ በፍጹም! ሽንት የሚያበዛውን ዓይነት ውጠህ፣ በላብ ውሃ እየወጣህ ብትሮጥ ግፊቱ ወርዶ ራስህን ትስታለህ። አትደብቁ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጅሬን፦ ቡናን ከጫት ጋር ባትደምሩት ጥሩ ነው። ቡና የለመደ ሰው ግፊቱ ብዙም አይጨምርም።

ቆጪ፦ ጫትም ቢሆን የለመደውን ምንም አያደርገውም።

ጅሬን፦ ልብህ እየመታ እንቅልፍ አጥተህ ስታድር የለመድክ ነህ?

መልስ፦ ስለ ቡና ጅሬን ልክ ነው፤ ለምርመራ ቀን ግን ሁለቱም ይቅሩ። ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

መርካቶ፦ ሲያስለኝ ብሽሽቴ ላይ ወጣ የሚል እብጠት አለ፤ ስተኛ ይገባል። አያመኝም።

መልስ፦ ቡአ ይመስላል፤ ታይተህ አረጋግጥ። ከባድ ነገር ስታነሳ አንጀትህ በሆድህ ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳ ይገፋል። ተመልሶ መግባት አቅቶት ከታነቀ በሰዓታት ውስጥ ደም አጥቶ ይበሰብሳል፤ ያኔ ያለ ኦፕራሲዮን የሚተርፍ የለም። አሁን ተሠራ፤ ሐኪሙ ሸክም ሲፈቅድልህ ተመዝገብ።

አዌቱ፦ ቁመት ስንት ነው?

መልስ፦ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል።

ሰቃ፦ እግሬ ጠፍጣፋ ነው።

መልስ፦ በጣቶችህ ጫፍ ቁም። የውስጥ እግርህ ጎድጎድ ካለ፣ ካላመመህም፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ደርቆ ከቀረ ወይም ካመመህ ታይ።

አዌቱ፦ ግፊቴ 148 ሆነ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ሰቃ፦ ትንሽ ያመኛል፣ አልፋለሁ?

መልስ፦ ምንህን? መቼ ጀመረህ?

ሰቃ፦ ሳል ነው፣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ማታ ያልበኛል።

መልስ፦ ይሄንን ነበር አስቀድመህ መናገር! ምዝገባውን ተወውና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርምር። ካምፕ ውስጥ የሚተኛው አልጋ ለአልጋ ተጠጋግቶ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ከሆነ አጠገብህ ላሉት ልታጋባ ትችላለህ። ከተገኘብህ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ 6 ወር ሳታቋርጥ ትወስዳለህ።